ጀርባው ላይ ያለች ስፌት

ቦሰናና ዘይኔ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ነው፤ ከተጣሉ ግን ቆይተዋል። ክፍሉ ዓረብ አገር፣ ቱቅባ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የመናዊ ዳቦ ቤት በላይ ነው። ሁለት ፍራሽ፣ እያጉረመረመ የሚያንጠባጥብ ኤሲ፣ መጋረጃው ተከፍቶ የማያውቅ መስኮት። በሁለቱ ፍራሾች መካከል ነጭ አንሶላ ይነጠፋል። ሥራው የሚሠራው እሱ ላይ ነው፤ የሚነጋገሩትም በሥራው ምክንያት ነው።

ቦሰና የእስቴ ልጅ ናት። በቤት ሠራተኛነት ዳማም መጥታ፣ አሠሪዋ በመጥበሻ እጇን ስትመታት ጊዜ ጣቶቼ ሳይሰበሩ ብላ ጠፋች። ካፊሏ፣ በስሙ ያስመጣት ሰው፣ ሁሩብ፣ ማለትም ጠፍታለች፣ ብሎ አስመዘገባት። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የላትም። ዘይኔ ደግሞ ከሐይቅ ናት። በየመን በኩል በባሕርና በበረሃ ስለመጣች ወረቀት ኖሯትም አያውቅ። ግን ዓረብኛው አፏ ላይ ይፈሳል፤ ፊቷን ሸፍና በፖሊስ መኪና አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋ አይቀየርም። ስለዚህ ቦሰና ትሰፋለች፣ ዘይኔ ትሸጣለች። እንዲህ ሆነው ኖሩ።

የሚሰፋው የአራስ ልብስ ነው። እዚያ አገር ባለጠጋ ሴት ስትወልድ ጠያቂ የምትቀበለው ባጌጠ ክፍል ውስጥ ነው። የእናትየው አልጋ ልብስ፣ የሕፃኑ አልጋ፣ ትራሱ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥልፍ ይዘጋጃል። ጥጥ ገብቶበት የሚደረበውን የአልጋ ልብስ መፍረሽ ይሉታል። በመኪና የተሠራው ገበያውን ሞልቶታል። በእጅ የተሠራው ግን ጠያቂዋን በሩ ላይ ያስቆማታል።

ኡም ራካን የምትባል ሴት ኾባር ካለው ቪላዋ ሆና እንዲህ ያለ ክፍል ታሰናዳለች። ዘይኔ ለእሷ ስታቀርብ ከዓመት በላይ ሆኗታል። የሰፋው ማነው ስትባል እኔ ነኝ ትል ነበር። አንድ ቀን ኡም ራካን መርፌና ክር አቀረበችላት።

«በይ ፊቴ ስፊ» አለቻት።

ዘይኔ ዓይኔን አሞኛል አለች። ኡም ራካን ሳቀች።

«የሰፋችውን አምጪልኝ። የምሕረቱ ጊዜ ሳያልቅ አንድ ሰው በስሜ አስመዘግባለሁ። አንድ ብቻ።»

ያ ዓመት መንግሥት ወረቀት የሌለው ሁሉ ወይ አዲስ ካፊል ያግኝ ወይ ያለቅጣት አገሩ ይግባ ብሎ ጊዜ የሰጠበት ነው። ጊዜው ሲያልቅ አፈሳና እስር እንደሚመጣ ቱቅባ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ካፊል ፍለጋ ያልተንኳኳ በር አልነበረም። ይህ አንድ ቦታ ለሁለቱም የመጨረሻው ተስፋ ነበር።

ዘይኔ ሌላ ሰፊ ብታውቅ ኖሮ ሌላ ሰፊ ትወስድ ነበር። አታውቅም። ቦሰናን ይዛ ሄደች። ኡም ራካን ስሟን አልጠየቀችም። «ኢንቲ» አለቻት፣ አንቺ ማለቷ ነው፤ በጣቷም ወንበር አሳየቻት። ቦሰና ሳቲኑን ወጥራ አንድ አበባ ጣለች። ኡም ራካን አበባውን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«ኸላስ። ይቺ ናት» አለች። «ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። የእሷን መፍረሽ ትሠሪያለሽ። ሙሽኪላ ከሌለ ጀዋዛት ይዤሽ እሄዳለሁ።» ሙሽኪላ ችግር፣ ጀዋዛት የወረቀት መሥሪያ ቤቱ ነው።

ሲመለሱ በጂብሪል መኪና ነው። ጂብሪል የወሎ ሰው ነው፤ አሮጌ መኪና ተከራይቶ ሐበሻ ያመላልሳል።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ባለወረቀቷ» አለች ዘይኔ ከፊት ወንበር።

«ስትሸጪው አንቺ ነበርሽ የምትሰፊው። ስፊ ስትባዪ ዓይንሽ ታመመ።»

«ማነው በዚያ ወበቅ ፌስታል ተሸክሞ ደጅ ለደጅ የዞረው? አንቺ መጋረጃ ዘግተሽ ተቀምጠሽ! እኔ ባልኖር ጥልፍሽን ለማን ልትሸጪው ነበር? ለበረሮ?»

«በረሮ ቢሆን የሰፋሁትን እኔ ሰፋሁት አይልም።»

«እባካችሁ» አለ ጂብሪል፣ «ስትናከሱ ወንበሩን እንዳትነኩት። የሰው ነው።»

መፍረሹን ሠሩት። ቦሰና ከመሀል ጀምራ ወደ ዳር ወጣች። መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ አበባ፣ ከእሱ የሚወጣ ሐረግ፣ ሐረጉ ላይ የወይራ የሚመስል ቅጠል። ሁሉም በነጭ ላይ ነጭ። ዘይኔ ፊቷን አጥቁራ ክር ትቆርጣለች፣ ዳር ዳሩን ትይዛለች። ሥራው ካልደረሰ እሷም ከሽያጩ የምታገኘው የለም።

የአራስ ልብስ ሲሆን የቦሰና እጅ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ከእናቷ የመጣ ነው። እናቷ ለአራስ ልብስ ስትሰፋ፣ ድርቡን ከመዝጋቷ በፊት በውስጥ በኩል፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ በቀይ ክር ትንሽ መስቀል ትጥላለች። ከላይ አይታይም፣ ከታች አይታይም። ሕፃኑን ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ ነው። መስቀል ያልገባበት የአራስ ልብስ ለተጣላቻት ጎረቤት እንኳ ሰጥታ አታውቅም።

መፍረሽ ሲሠራ ጥጡ እንዳይሸሽ ከሥሩ ስስ ሻሽ ይነጠፋል። ቦሰና ሻሹን አነጠፈች። ከዚያ መርፌዋን ስታይ ቀይ ክር ሰክታበታለች። አስባ አይደለም። መስቀሏ ከጥፍር አትበልጥም፤ ጥላት ስታበቃ ነው የት አገር እንዳለች ትዝ ያላት። ልትፈታው መቀሱን አነሳች። ልጅ ነው፣ ገና አልተወለደም፣ ምን አደረገኝ አለች በልቧ። መቀሱን አስቀመጠች።

ዘይኔ በወዲያ በኩል የጥጡን ጫፍ ይዛ ቆማለች። መስቀሏን አየች። ቦሰናን አየች። ጥጡን ዘረጉ፣ ሳቲኑን ደረቡ፣ ቦሰና ዘጋችው።

እዚህ ላይ ስለ እልፍነሽ መናገር ያስፈልጋል። እልፍነሽ ከጎናቸው ካለው ክፍል ውስጥ የምትኖር ሴት ነበረች። ዳማም ተቀጥራ ስትሠራ ከልጆቹ ትራስ ውስጥ የተቋጠረ ክር ተገኘ። ጸጉሯን የምታስርበት ክር ነው ብለው የሚያውቋት ይናገራሉ። የቤቱ ሰዎች ግን ድግምት ነው አሉ። የፖሊስ መኪና መጥቶ ወሰዳት። ስልኳ ከዚያ ቀን ወዲያ ጠርቶ አያውቅም። ቦሰናም ዘይኔም ይህን ያውቃሉ።

መፍረሹን ያደረሰችው ዘይኔ ናት። ጠዋት ወጥታ ፀሐይ ሳትገባ ተመለሰች። ጫማዋን አወለቀች፣ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች፣ ቴምር መብላት ጀመረች።

«አደረስሽ?»

«አደረስኩ።»

«ምን አለች?»

«ማሻ አላህ አለች። አገላበጠችው።» ፍሬውን ተፋች። «ቀዩን ግን አላየችም።»

ቦሰና እጇ ቆመ። «የምን ቀይ?»

«ለእኔም ነው ቦሴ? ጥጡን የያዝኩት በየትኛው እጄ ነበር?»

«ለልጁ ጥበቃ ነው።»

«ይህንን ለፖሊሱ ንገሪው። ጥበቃ በዓረብኛ ምንድነው የሚባለው?»

ቦሰና አታውቅም። ዘይኔ ሌላ ቴምር አነሳች።

«ልጅ ያስነጥሳል። ጡት እምቢ ይላል። ያኔ አሮጊቶቹ ይመጡና ትራሱን ይቀድዳሉ፣ ፍራሹን ይቀድዳሉ፣ መፍረሹን ይቀድዳሉ። ሁለት ቤት አይቻለሁ። የአንቺ አበባ ቆንጆ ነው ብለው የሚተዉት እንዳይመስልሽ።»

«ምን ፈለግሽ?»

«ደውዪና አገሬ ልገባ ነው፣ ቦታው ለዘይኔ ይሁን በያት። እኔ እገባና ሳይታይ አወጣዋለሁ።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልሽማ ቁጭ በዪና ልጁ እስኪያስነጥስ ጠብቂ።»

«አንቺ ጡት ያጠባሽ እናት አለችሽ?»

«አለችኝ። ሐይቅ ናት። ወረቀት ስጪኝና ሄጄ ልያት።»

ቦሰና አልደወለችም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ መርፌዎቿንና መቀሷን በሻርፕ ጠቅልላ ወጣች። ጂብሪልን መኪናው ውስጥ ተኝቶ አገኘችው።

«ብቻሽን? ዘይኔስ?» አላት።

«ዓይኗን አሟታል።»

ጂብሪል ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ መኪናውን አስነሳ።

ኡም ራካን መፍረሹን ሳሎን ውስጥ ባለ አልጋ ላይ ዘርግታዋለች። ዙሪያው ሪባን፣ የተደረደረ ቸኮሌት፣ አበባ። ልጇ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች። ማዳሟ ስልኳን ከእጇ አትለቅም።

«ማን ጠራሽ?» አለች።

ቦሰና በመንገድ ያጠናችውን በተሰባበረ ዓረብኛ ተናገረች። ጥጡ መሀሉ ላይ ተሰብስቦ ይሆናል፤ አይታ ታስተካክለዋለች፤ ቶሎ ነው።

ኡም ራካን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እዚሁ፣ ፊቴ» አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ቦሰና መፍረሹን ገለበጠችው። ያሰበችው በጀርባው በኩል ትንሽ ከፍታ፣ ጣቷን አስገብታ፣ ቀዩን ክር በመዳፏ ውስጥ ሰውራ ልታወጣ ነው። ግን መሀሉ ላይ ስትደርስ አንዲት ስፌት አየች። የጣት አንጓ የምታህል ናት። የእሷ ስፌት አይደለችም። ክሩ ከመጠን በላይ ተስቧል፤ ሳቲኑ በሁለቱም ወገን ተጨማዷል። እንዲህ ክር የምታንቅ እጅ አንዲት ብቻ ታውቃለች።

ዘይኔ ከፍታው ነበር። አውጥታ ይሆን? ወይስ አስገብታ? ስለ ጠላት ከሁለቱ የትኛውን ማመን እንደሚቀል ሰው ሁሉ ያውቃል። ቦሰናም የቀለላትን አመነች። የሆነ ጸጉር፣ የሆነ ወረቀት፣ የሆነ ቋጠሮ አስገብታልኛለች አለች። ስፌቷን በመዳፏ ጋረደቻት።

ያንን ባታደርግ ደግ ነበር። ኡም ራካን ስፌቷን አላየችም ነበር፤ መዳፏን ግን አየች።

«እጅሽን አንሺ።»

ቦሰና አነሳች።

ማዳሟ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል። በስልኳ ለዘበኛው ደወለች፤ የውጭውን በር ቆልፍ አለችው። ከዚያ አዑዙ ቢላህ ብላ ቁርኣን መቅራት ጀመረች፤ በቀራችው መካከል «ክፈቺው» አለች።

«ማዳም፣ ሳቲን ነው። ይበሳል…»

«ክፈቺው!»

ቦሰና በመቀሷ ጫፍ ክሩን በጠሰች። ማዳሟ ጨምረሽ ክፈቺ አለች፤ ከፈተች። ሳቲኑ የመርፌ ቀዳዳውን ይዞ ቀረ፤ ሳቲን አንዴ ከተወጋ አይረሳም። ጥጡን ቁንጥር ቁንጥር አድርጋ እያወጣች ማዳሟ ባቀረበችላት የብር ትሪ ላይ አኖረች። ማዳሟ ቁንጥሩን በማንኪያ እየበተነች ትመረምራለች፤ በእጇ አትነካውም። የቦሰና ላብ በአፍንጫዋ ላይ ይወርዳል፤ ኤሲው ግን እንደ ክረምት ነው። አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል ትላለች በልቧ። ጥጡ አለቀ። ሻሹ ታየ።

ነጭ ነው። ቀይ የለም። ቋጠሮ የለም። መስቀሉ የነበረበት ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ብቻ አሉ፤ የት እንደነበሩ ለሚያውቅ ዓይን ብቻ የሚታዩ። ዘይኔ አውጥታው ነበር።

ደስታ አልመጣላትም። የመጣው ንዴት ነው።

ማዳሟ ትሪውን ገፋችው። «ምንም ከሌለ ለምን ጋረድሽው? ለምን መጣሽ? ተናገሪ!»

ቦሰና መቀሷን ሻርፑ ላይ አስቀመጠች። ኡም ራካን ለዘይኔ ደወለችና ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዘይና፣ የመፍረሹ ጀርባ ላይ ያለችውን ስፌት ማን ሰፋት?»

ከወዲያ የክፍላቸው ኤሲ ሲያጉረመርም ይሰማል። ቦሰና የአልጋውን እንጨት ያዘች። አሁን ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያች ሴት አፍ ላይ ነው።

«እኔ ነኝ ማዳም» አለች ዘይኔ። «ወላሂ ውስጡ ምንም የለም። ጥጡ ተሰብስቦ አገኘሁት፤ ከፍቼ አስተካከልኩት። እሷ አበባ ትችላለች፣ ጥጥ ማንጠፍ ግን አትችልም። ጭንቅላቷም ትንሽ… ሁልጊዜ ከኋላዋ የማስተካክለው እኔ ነኝ። እሷ ምን ስትሠራ መጣች?»

«ቀደደችው!»

«ላ ሐውለ! ማዳም አይዞሽ፣ አሁን እመጣለሁ። እንዳታስነኪያት።»

ቦሰና ለዚህ የሚበቃ ዓረብኛ ታውቃለች። ከእስር አወጣቻት፤ በዚያው አፍ ቦታዋን ወሰደች።

ዘይኔ መጣች። ለማዳሟ እጅ ነሳች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ መርፌ አነሳች። ማዳሟ ከጎኗ ቆማለች። ዘይኔ ጥጡን መለሰች፣ መዝጋት ጀመረች። ሳቲኑ ተጨማደደ። ፈታችው። ቀዳዳው በዛ። ማዳሟ ምላሷን አስጮኸች።

ዘይኔ ጥርሷን ለማዳሟ እያሳየች በአማርኛ ተናገረች። «ይህን ቀዳዳ በምን ትሸፍኚዋለሽ?»

«ጥያቄ ነው ልመና?»

«በሩ ተቆልፏል፣ ቦሴ። ይህ ልብስ ሳይዘጋ ሁለታችንም አንወጣም። እንደፈለግሽ ጥሪው።»

ከዚያ ወደ ማዳሟ ዞራ በዓረብኛ «ረዳቴ ትጨርሰው፣ እኔ በላይዋ እቆማለሁ» አለች።

ቦሰና ተቀመጠች። የተጨማደደውን ፈታ በጥፍሯ አለሰለሰች። ጥጡን ከመሀል ወደ ዳር ዘረጋች። ዘጋችው፤ በቀዳዳዎቹም ላይ አንድ ረዥም ቅጠል ጣለች፤ ከእሱ ሥር ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። መጀመሪያም ታስቦበት የነበረ ሐረግ መሰለ። ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው ክሩ ሳቲኑን ሲያልፍ ብቻ ነው። በመካከል ስልክ ጮኸ፤ ማዳሟ እልል አለች። ወንድ ነው።

ስልኩን ዘግታ መጥታ ቅጠሎቹን ዳሰሰች።

«አየሽ?» አለች ለዘይኔ። «ሰው በላይዋ ሲቆም እንዴት እንደምትሠራ! እሑድ ፎቶግራፍሽን ይዘሽ ነዪ፣ ጀዋዛት እንሄዳለን።»

«እሷስ?» አለች ዘይኔ።

ማዳሟ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ከፈለገች ካንቺ ጋር ትምጣ። እኔ ስሟንም አላውቀው።»

በሩ ተከፈተ። ጂብሪል መንገድ ዳር ቆሟል። ዘይኔ ከፊት ገባች፣ ቦሰና ከኋላ። ኮርኒሹን፣ የባሕር ዳሩን መንገድ፣ አልፈው ወደ ቱቅባ ሲታጠፉ ዘይኔ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ የሞባይል ካርድ አውጥታ ወደ ኋላ አቀበለቻት። ካርዱ ውስጥ ቀይ ክር አለ።

«ያው ዕቃሽ።»

«መቼ ነው የፈታሽው?»

«ላደርስ ስሄድ። እዚሁ መኪና ውስጥ።»

«እኔ ክር ነው ያየሁት» አለ ጂብሪል። «ሌላ አላውቅም።»

«ለእኔ ብለሽ ነው?»

ዘይኔ ሳቀች። «ለአንቺ? ያንን ልብስ አቅፌ የገባሁት እኔ ነኝ። ቢገኝ መጀመሪያ የሚታሰረው ማን መሰለሽ?»

«ማታውን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ቦታውን ትለቂልኝ ነበር?»

ቦሰና ካርዱን መልሳ አጣጠፈችው።

«ዝም ብለሽ ብትቀመጪ» አለች ዘይኔ፣ አሁን ሳቋ የለም፣ «እሑድ የምትሄጅው አንቺ ነበርሽ። ልብሱ ውስጥ ምንም አልነበረም። እኔን ፈርተሽ ራስሽ ሄደሽ ቀደድሽው። እኔ ምን ላድርግሽ?»

ጂብሪል ሬዲዮውን ነካ፤ ከዚያ መልሶ አጠፋው።

«የሕፃኑ አልጋ ሥራ አለ» አለች ዘይኔ ሲወርዱ። «አንቺ ትሰፊያለሽ፣ እኔ አደርሳለሁ። እንደ ድሮው። ከፖሊስም እሰውርሻለሁ፤ ወረቀት ያለው ሰው ቤት ማን ይገባል?»

ቦሰና ደረጃውን ቀድማት ወጣች።

እሑድ ዘይኔ ፎቶግራፏን ይዛ ወደ ኾባር ሄደች። ቦሰና መርፌዎቿን፣ መቀሷን፣ የክር ጥቅልሏን ሰበሰበች። አንሶላው ላይ የተጀመረ ነገር አልተወችም። ዳማም፣ ኹሩጅ የሚሉትን የአገር መግቢያ ፈቃድ ለማግኘት አሻራ በሚሰጥበት በር ላይ ተሰለፈች። የሴቶቹ ሰልፍ በግድግዳው ጥላ ሥር ይሄዳል፤ ጥላው እያነሰ ነው። ከፊቷ ያለችው ሴት ፌስታል ተከናንባለች።

የዘይኔ ስልክ ደጋግሞ ጠራ። አላነሳችውም። በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ሰልፍ ላይ እንደቆመች፣ አነሳችው።

«የት ነው ያለሽው?» አለች ዘይኔ። «ማዳም ዛሬ ካላመጣሽ እያለችኝ ነው። ሳቲኑን ወጥሬዋለሁ። ጥጡ ግን ይሸሽብኛል። ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ከመሀል።»

«መሀሉን እንዴት ነው…»

«መሀሉን አንቺ ታውቂዋለሽ። አንዴ አግኝተሽዋል።»

«ቦሴ፣ ወላሂ ይህ ቀልድ አይደለም፣ ይቺ ሴትዮ መርፌ አቅርባ ፊቴ ስፊ ካለችኝ…»

ቦሰና ስልኩን ዘጋችው። ከኋላዋ የቆመችው ሴት አንገቷን አስግጋ ትሰማ ነበር።

«ማን ናት እንዲህ የምታስጨንቅሽ?» አለቻት።

«ረዳቴ ናት» አለች ቦሰና።

በሩ ተከፈተ፤ ሰልፉ ተጠጋ። ሻርፑን ከነመርፌው ወደ ብብቷ ከተተችና አውራ ጣቷን ለአሻራው በቀሚሷ ጠረገች።